የእንግሊዝኛ ፈሊጦች ታሪክና በትምህርት ቤት ያላቸው ስፍራ

መግቢያ

የአንድን ባዕድ ቋንቋ ሰዋስው ጠንቅቆ ያወቀና ከመዝገበ ቃላቱም ብዙ ቃላት ያጠና ሰው፣ የቋንቋው ባለቤቶች እርስ በርሳቸው ሲነጋገሩ በሰማ ጊዜ ግራ መጋባቱ የተለመደ ነው። እያንዳንዱን ቃል ለብቻው ያውቀዋል፤ ቃላቱ ተገጣጥመው የሚሰጡት ትርጉም ግን ያመልጠዋል። አማርኛን ገና በመማር ላይ ያለ የውጭ አገር ሰው «እገሌ ሆደ ሰፊ ነው» ሲባል ቢሰማ በሐሳቡ የሚታየው የሰውዬው ቦርጭ እንጂ ትዕግሥቱ አይደለም። «ዓይኑን በጨው ታጥቦ መጣ» ቢሉትም ነገሩ የሕክምና ጉዳይ ይመስለዋል እንጂ ስለ እፍረተ ቢስነት የተነገረ መሆኑን አይገምትም።

እንዲህ ያለው አነጋገር ፈሊጥ ይባላል። ፈሊጥ ማለት ትርጉሙ ከተሠራባቸው ቃላት ነጠላ ትርጉም ተደምሮ የማይገኝ፣ በልማድ የጸና የቃላት ጥምረት ነው። ከተረትና ምሳሌ የሚለየውም ምሳሌ ምክር ወይም ፍርድ የያዘ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሲሆን፣ ፈሊጥ ግን በዓረፍተ ነገር ውስጥ እንደ አንድ ቃል የሚያገለግል መሆኑ ነው። ፈሊጦች ሁሉ ደግሞ እንደ «ዓይኑን በጨው ታጠበ» ጎልተው የሚታዩ አይደሉም። መምህራን በየቀኑ የሚጠቀሙበት «አፍ መፍቻ ቋንቋ» የሚለው ስያሜ ራሱ ፈሊጥ ነው፤ ፈሊጥነቱ የማይታወቀው ዘወትር ስለሚነገር ብቻ ነው።

በኢትዮጵያ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ጂኦግራፊውም፣ ባዮሎጂውም፣ ፊዚክሱም የሚሰጠው በእንግሊዝኛ በመሆኑ፣ የዚህ ቋንቋ ፈሊጥ ጉዳይ የእንግሊዝኛ መምህሩ ብቻ ጉዳይ ሆኖ ሊቀር አይችልም። በብዙ ክፍሎች የቆየው ልማድ ፈሊጦችን በአንድ በኩል፣ ፍቻቸውን በሌላ በኩል በሰሌዳ ጽፎ ተማሪው በደብተሩ እንዲገለብጥና በቃሉ እንዲይዝ ማድረግ ነው። ይህ ጽሑፍ የእንግሊዝኛ ፈሊጦች እንዴት እንደ ተፈጠሩ፣ እነማን እንደ ሰበሰቧቸውና ለውጭ ተማሪ ለማስተማር ምን ዓይነት ሙከራዎች እንደ ተደረጉ በቅደም ተከተል በመመርመር፣ ይህ ልማድ የተማሪውን ጊዜ በሚገባው ላይ አውሎት እንደሆነ ያመለክታል።

፩. ፈሊጥ ከሥራ ይወለዳል

የእንግሊዝኛ ፈሊጦች አብዛኛዎቹ የተወለዱት ከመጻሕፍት ቤት ሳይሆን ሕዝቡ ኑሮውን ከሚገፋበት የሥራ መስክ ነው። እንግሊዝ በባሕር የተከበበች ደሴት እንደ መሆኗ መጠን፣ የመርከበኞች አነጋገር በቋንቋዋ ውስጥ ሰፊ ስፍራ ይዟል። ለምሳሌ «ባይ ኤንድ ላርጅ» የሚለው አባባል ዛሬ «በጠቅላላው ሲታይ» ማለት ነው። በሸራ መርከብ ዘመን ግን «ባይ» ማለት ወደ ነፋሱ አቅጣጫ ተጠግቶ መቅዘፍ፣ «ላርጅ» ማለት ደግሞ ነፋሱን ከኋላ አድርጎ መሄድ ነበር። በሁለቱም ሁኔታ ደህና የምትሄድ መርከብ በማናቸውም ጊዜ የምታገለግል ስለሆነች፣ አነጋገሩ ከባሕር ወደ የብስ ወጥቶ የዛሬውን ትርጉም ያዘ።

«ቴክን አባክ» የሚለውም እንደዚሁ ነው። ነፋስ ድንገት ከፊት መጥቶ ሸራውን ወደ ምሰሶው ሲለጥፈው መርከቢቱ ባለችበት ትቆማለች። ባልጠበቀው ነገር የተደናገጠ ሰው በዚህ መርከብ ተመሰለ። ሰካራምን ለመግለጽ የሚነገረው «ስሪ ሺትስ ቱ ዘ ዊንድ» ደግሞ የቃል በቃል ፍቺ ምን ያህል እንደሚያሳስት በግልጽ ያሳያል። «ሺት» የሚለውን ቃል የሚያውቅ ተማሪ የአልጋ አንሶላ ወይም የወረቀት ገጽ ይመስለዋል። በመርከበኛ ቋንቋ ግን «ሺት» የሸራው ጫፍ የሚታሰርበት ገመድ ነው። ሦስት ገመድ ተፈትቶ በነፋስ ሲወራጭ መርከቢቱ እንደ ሰካራም ትንገዳገዳለች።

ከፈረስ እሽቅድምድም የመጡም አሉ። «ዊን ሃንድስ ዳውን» ያለ ድካም ማሸነፍ ማለት ሲሆን፣ መነሻው ድሉን ያረጋገጠ ጋላቢ ልጓሙን አላልቶ እጁን ዝቅ ማድረጉ ነው። «ኔክ ኤንድ ኔክ» ደግሞ ሁለት ፈረሶች አንገት ለአንገት ተያይዘው ሲሮጡ ከሚታየው ሁኔታ የተወሰደ ነው። ፈረስ ጉግስ ባለበት አገር ላደገ ተማሪ እነዚህን ማስረዳት አያስቸግርም። በ19ኛው ምዕት ዓመት የእንፋሎት ሞተር ሲስፋፋ ደግሞ «ሌት ኦፍ ስቲም» የሚለው አባባል የታመቀ ንዴትን ወይም ጉልበትን ማውጣት የሚል ትርጉም አገኘ።

ሌላው ትልቅ ምንጭ መጽሐፍ ቅዱስ ነው። «ኤ ድሮፕ ኢን ዘ በኬት» የሚባለው እጅግ ጥቂት ነገር ከትንቢተ ኢሳይያስ ምዕራፍ 40 ቁጥር 15፣ «ዘ ራይቲንግ ኦን ዘ ዎል» የሚባለው የመጪ ጥፋት ምልክት ከትንቢተ ዳንኤል ምዕራፍ 5 የተወሰዱ ናቸው። «ባይ ዘ ስኪን ኦቭ ማይ ቲዝ» ማለትም «ለጥቂት አመለጥሁ» የሚለው አባባል ደግሞ በመጽሐፈ ኢዮብ ምዕራፍ 19 ቁጥር 20 ያለው የዕብራይስጥ አነጋገር ቃል በቃል ተተርጕሞ፣ እ.ኤ.አ. በ1560 በታተመው የጄኔቫ መጽሐፍ ቅዱስና እ.ኤ.አ. በ1611 በታተመው የንጉሥ ጄምስ ትርጉም አማካይነት የሕዝቡ ቋንቋ የሆነ ነው። ከዚህም የምንረዳው ፈሊጥ የአንድ ሕዝብ ብቻ ንብረት ሆኖ እንደማይኖር፣ በትርጉም ሥራ አማካይነት ከቋንቋ ወደ ቋንቋ ሊሻገር የሚችል መሆኑን ነው።

በእነዚህ ምሳሌዎች ሁሉ አንድ የጋራ ሂደት ይታያል። በመጀመሪያ አነጋገሩ በሞያው ሰዎች ዘንድ ቀጥተኛ ትርጉም ነበረው። ቀጥሎ ሌላው ሕዝብ በምሳሌነት ተጠቀመበት። በመጨረሻም ሥራው ወይም መሣሪያው ከኑሮ ሲጠፋ አነጋገሩ ብቻውን ቀረ። ስለዚህ ዛሬ «ባይ ኤንድ ላርጅ» የሚለው እንግሊዛዊም ቢሆን ስለ ሸራ መርከብ አያስብም፤ ያገኘው እንደ ነጠላ ቃል ከወላጆቹ አፍ ሰምቶ ነው። የውጭ ተማሪ ችግር የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። እንግሊዛዊው ልጅ በመስማት ያገኘውን፣ ኢትዮጵያዊው ልጅ በማሰብ ሊደርስበት ይሞክራል፤ በማሰብ ብቻ ግን አይደረስበትም።

፪. የትናንሾቹ ቃላት ጥምረት

ከላይ የተጠቀሱት ሥዕላዊ ፈሊጦች ለጨዋታ የሚመቹ ቢሆኑም፣ የእንግሊዝኛ ዋናው ፈሊጥ ሌላ ነው። ይኸውም እንደ «ፑት»፣ «ጌት»፣ «ጊቭ»፣ «ቴክ» ያሉ አጫጭር ግሦች «አፕ»፣ «ኦፍ»፣ «አውት»፣ «ኢን» ከሚባሉት ትናንሽ ቃላት ጋር ተጣምረው የሚሰጡት አዲስ ትርጉም ነው። «ፑት» ማለት ማስቀመጥ መሆኑን ያወቀ ተማሪ፣ «ፑት ኦፍ» ማስተላለፍ፣ «ፑት አውት» ማጥፋት፣ «ፑት አፕ ዊዝ» መታገሥ መሆኑን በራሱ ሊደርስበት አይችልም።

ይህ ሁኔታ የታሪክ መሠረት አለው። እ.ኤ.አ. በ1066 ኖርማኖች እንግሊዝን ከያዙ በኋላ የቤተ መንግሥቱና የችሎቱ ቋንቋ ለረዥም ጊዜ ፈረንሳይኛ፣ የቤተ ክርስቲያኑና የሊቃውንቱ ደግሞ ላቲን ሆኖ ቆየ። ሕዝቡ ግን በእንግሊዝኛው ጸና። በኋላ ቋንቋዎቹ ሲዋሐዱ ከፈረንሳይኛና ከላቲን የመጡት ረዣዥም ቃላት የጽሕፈትና የክብር፣ አጫጭሮቹ የአገር ግሦችና ጥምረቶቻቸው ደግሞ የቤትና የመንገድ አነጋገር ሆኑ። በዚህም ምክንያት ለአንድ ሐሳብ ሁለት አነጋገር ተገኘ፤ በጽሕፈት «ቶለሬት» የሚባለው በጨዋታ «ፑት አፕ ዊዝ»፣ በጽሕፈት «ፖስትፖን» የሚባለው በጨዋታ «ፑት ኦፍ» ሆነ።

ለአማርኛ ተናጋሪ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። በአማርኛም ከግእዝ የተወሰደው ቃል ለደብዳቤና ለንግግር ክብደት ሲሰጥ፣ በዕለት ተዕለት ጨዋታ ግን ሌላ ቃል ይቀርባል። ልዩነቱ የኢትዮጵያ ተማሪ እንግሊዝኛን የሚያገኘው በተገላቢጦሽ መንገድ መሆኑ ነው። እንግሊዛዊው ሕፃን አስቀድሞ «ፑት ኦፍ» የሚለውን ከእናቱ ሰምቶ፣ «ፖስትፖን» የሚለውን በትምህርት ቤት ይማራል። ኢትዮጵያዊው ተማሪ ግን ከመጽሐፍ ስለሚጀምር ከባዱን አውቆ ቀላሉ ይከብደዋል። ለመምህር «ቀላል» የሚመስለው አነጋገር ለተማሪ እጅግ አስቸጋሪ ሆኖ የሚገኘው ስለዚህ ነው።

ይህን ችግር አስቀድመው በግልጽ ካስተዋሉት አንዱ ሳሙኤል ጆንሰን ነው። ይህ ሰው የኢየሱሳዊው ጀሮኒሞ ሎቦ ስለ ኢትዮጵያ የጻፈውን የጉዞ መጽሐፍ ከፈረንሳይኛ ወደ እንግሊዝኛ መልሶ እ.ኤ.አ. በ1735 ያሳተመ፣ በ1759ም ራስ ሴላስ ስለሚባል የኢትዮጵያ ልዑል ልብ ወለድ የጻፈ በመሆኑ ለኢትዮጵያውያን አንባቢዎች ባዕድ አይደለም። ጆንሰን እ.ኤ.አ. በ1755 ባወጣው ታላቅ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት መቅድም ላይ፣ በግሥ ላይ ትንሽ ቃል ተጨምሮበት የግሡ ትርጉም መለወጡ ለውጭ አገር ሰዎች ከሁሉ የበለጠ ችግር የሚፈጥር መሆኑን ገልጾ፣ እንዲህ ያሉትን ጥምረቶች በጥንቃቄ መመዝገቡን ጽፏል። ይህ አስተያየት ከሁለት መቶ ሃምሳ ዓመት በላይ ያለፈው ቢሆንም ዛሬም እውነትነቱን አላጣም።

፫. የመጀመሪያዎቹ ሰብሳቢዎች

የጨዋታ ፈሊጦችን መሰብሰብ የተጀመረው ለማስተማር ሳይሆን ለመዝናናት፣ አንዳንዴም ለመተቸት ነበር። ጆናታን ስዊፍት እ.ኤ.አ. በ1738 ባሳተመው ሥራው የለንደን ጨዋ ሰዎች በግብዣ ላይ የሚደጋግሟቸውን የተሰለቹ አባባሎች ሰብስቦ አሹፎባቸዋል። ኃይለኛ ዝናብን ለመግለጽ የሚነገረው የድመቶችና የውሾች ዝናብ፣ ማለትም «ሬይኒንግ ካትስ ኤንድ ዶግስ»፣ በዚሁ መጽሐፍ ውስጥ ይገኛል። የሠራዊት መኮንንና የጥንታዊ ቅርስ ተመራማሪ የነበረው ፍራንሲስ ግሮዝ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1785 የተራውን ሕዝብ፣ የወታደሩንና የወንበዴውን ቋንቋ የያዘ መዝገበ ቃላት አወጣ። «ኪክ ዘ በኬት»፣ ቃል በቃል «ባልዲ መርገጥ»፣ ሞተ ማለት መሆኑን ከመዘገቡት ቀደምት መጻሕፍት አንዱ ይኸው ነው።

በእነዚህ ሁለት አባባሎች ላይ መምህራን ሊጠነቀቁበት የሚገባ አንድ ነገር አለ። ፈሊጥ መነሻው ሲጠፋ ሕዝብ ታሪክ ይፈጥርለታል። ድመትና ውሻ በሣር ክዳን ላይ ይተኙ ስለነበር በዝናብ ጊዜ ተንሸራተው ይወድቁ ነበር የሚለው ተረት በሰፊው ቢነገርም ማስረጃ የለውም። የባልዲውም ነገር እንዲሁ ልዩ ልዩ ታሪክ ይነገርለታል፤ አንደኛው ግምት «በኬት» የሚለው ቃል በአንዳንድ የእንግሊዝ አውራጃዎች የታረደ አሳማ የሚንጠለጠልበትን አግዳሚ እንጨት ያመለክት ነበር የሚል ነው። መነሻው የታወቀውን ፈሊጥ ከነታሪኩ ማስተማር ትዝታን ይረዳል፤ ያልተረጋገጠውን ግን እንደ እውነት ማቅረብ የታሪክን ትምህርትም የቋንቋን ትምህርትም ይጎዳል።

ፈሊጥ ራሱን የቻለ የጥናት መስክ የሆነው በ20ኛው ምዕት ዓመት ነው። ሎጋን ፒርሶል ስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1925 ባሳተመው መጽሐፍ ፈሊጦችን በተገኙበት የሥራ መስክ፣ ማለትም በባሕር፣ በአደን፣ በእርሻ፣ በወጥ ቤትና በመሳሰለው ከፋፍሎ አቀረበ። ከላይ የተጠቀሱትን የግሥና የትናንሽ ቃላት ጥምረቶችም «ፍሬዛል ቨርብ» በሚል ስያሜ ጠርቷቸዋል። ይህ ስያሜ እስከ ዛሬ በሰዋስው መጻሕፍት ይሠራበታል።

፬. ለውጭ ተማሪ የተደረጉ ሙከራዎች

እንግሊዝኛ ለውጭ ሕዝብ በሰፊው መሰጠት ሲጀምር ሦስት የተለያዩ ሐሳቦች ቀረቡ። የመጀመሪያው የቻርልስ ኦግደን ነው። ኦግደን እ.ኤ.አ. በ1930 ቋንቋውን በ850 ቃላት ብቻ የወሰነ «ቤዚክ ኢንግሊሽ» የሚባል ሥርዓት አወጣ። ከእነዚህ ውስጥ ግሦቹ 18 ብቻ ነበሩ። ሐሳቡ ማራኪ ቢሆንም አንድ ትልቅ ጉድለት ነበረው። ግሦቹ ጥቂት ስለሆኑ የጎደለውን ለመሙላት «ጊቭ»፣ «ጌት»፣ «ፑት» የመሳሰሉትን ከትናንሽ ቃላት ጋር ማጣመር ግድ ሆነ። በዚህም ምክንያት በዝርዝሩ ላይ አንድ ሆኖ የተቆጠረው ቃል ለተማሪው ብዙ የተለያዩ ትርጉሞች ያሉት ሆኖ ተገኘ። ይህ ጉድለት በዘመኑ በነበሩ መምህራን ዘንድ ብርቱ ነቀፌታ አስከትሏል። የቃላትን ቁጥር መቀነስ የፈሊጥን ሸክም እንደማይቀንስ፣ ይልቁንም ሊያበዛው እንደሚችል በዚህ ታወቀ።

ሁለተኛው በቤንጋል፣ በዳካ የመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጅ ያገለገለው የማይክል ዌስት ሐሳብ ነው። ዌስት የቤንጋል ተማሪዎች ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈልጋቸው መጽሐፍ አንብቦ መረዳት መሆኑን አስተዋለ። እ.ኤ.አ. በ1935 ያዘጋጀው የተማሪዎች መዝገበ ቃላት ፍቺዎች የተጻፉት በ1,490 የተመረጡ ቃላት ብቻ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1953 ያወጣው የጠቃሚ ቃላት ዝርዝር ደግሞ ሁለት ሺህ ያህል ቃላት የያዘ ሲሆን፣ ቃላቱን ብቻ ሳይሆን እያንዳንዱ ቃል በየትኛው ትርጉሙ ምን ያህል ጊዜ እንደሚገኝ ያሳያል። የዌስት ትልቁ ትምህርት፣ የሚማረው ነገር ሊመረጥ የሚገባው በውበቱ ሳይሆን በሚሰጠው አገልግሎት መሆኑ ነው።

ሦስተኛው በጃፓን የተደረገው ነው። እ.ኤ.አ. በ1923 በቶኪዮ የእንግሊዝኛ ማስተማር ምርምር ተቋም ሲቋቋም መሪው ሃሮልድ ፓልመር ነበር። ፓልመርና የሥራ ባልደረባው አልበርት ሆርንቢ ተማሪውን የሚያሳስተው የነጠላ ቃል አለማወቅ ብቻ ሳይሆን፣ የትኛው ቃል ከየትኛው ጋር ተጣምሮ እንደሚነገር አለማወቅ መሆኑን ተረዱ። እ.ኤ.አ. በ1933 ባወጡት ዘገባ በሺህ የሚቆጠሩ የተለመዱ የቃላት ጥምረቶችን ዘረዘሩ። ሆርንቢ ከጌትንቢና ከዌክፊልድ ጋር ሆኖ በዚህ መሠረት ላይ ያዘጋጀው የፈሊጥና የአገባብ መዝገበ ቃላት እ.ኤ.አ. በ1942 ጦርነቱ እየተካሄደ ሳለ በቶኪዮ ታተመ። ይኸው መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1948 በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት እንደገና ወጥቶ፣ በየጊዜው እየታደሰ በኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች ጭምር የሚታወቀው የኦክስፎርድ የተማሪዎች መዝገበ ቃላት ሆነ። በዓለም ላይ ብዙ ተማሪዎች የተገለገሉበት የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት የተፀነሰው በለንደን ሳይሆን በቶኪዮ፣ ከውጭ ተማሪ ስሕተት ተነሥቶ መሆኑ ሊታወስ ይገባዋል።

፭. ከቆጠራ የተገኘው ውጤት

እስከ 1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ድረስ የትኛው ፈሊጥ አዘውትሮ እንደሚነገር የሚታወቀው በአዋቂዎች ግምት ነበር። የኮምፒዩተር መምጣት ግን ግምቱን በቆጠራ ለመፈተን አስቻለ። በበርሚንግሃም ዩኒቨርሲቲ በጆን ሲንክሌር መሪነት በሚሊዮን የሚቆጠሩ ቃላትን የያዘ የጽሑፍና የንግግር ክምችት ተዘጋጅቶ፣ ከዚሁ የተገኘው «ኮቢልድ» የተባለ መዝገበ ቃላት እ.ኤ.አ. በ1987 ታተመ። ሲንክሌር ከዚህ ሥራ የደረሰበት ሐሳብ፣ ሰዎች ሲናገሩ ቃላትን አንድ በአንድ እየመረጡ ከመደርደር ይልቅ አስቀድሞ የተዘጋጁ ጥምረቶችን እያነሡ የሚጠቀሙ መሆናቸውን የሚያሳይ ነው።

ሮዛመንድ ሙን እ.ኤ.አ. በ1998 ባሳተመችው ጥናት ደግሞ የበለጠ የሚያስገርም ነገር ተገኘ። እንደ «ኪክ ዘ በኬት» ያሉት፣ በየመማሪያ መጽሐፉ በምሳሌነት የሚጠቀሱት ሥዕላዊ ፈሊጦች በአንድ ሚሊዮን ቃላት ውስጥ አንድ ጊዜ እንኳ የማይገኙ ሆነው ታዩ። በአንጻሩ ማንም ልብ የማይላቸው እንደ «ቴክ ፕሌስ» ያሉት ጸጥተኛ ጥምረቶች በየገጹ የሚገኙ ናቸው። አንድ ተማሪ የእንግሊዝኛ መጻሕፍትን ሲያነብ ከርሞ ባልዲ የሚረግጥ ሰው ላያጋጥመው ይችላል፤ «ቴክ ፕሌስ» ሳያጋጥመው ግን አንድ ምዕራፍ አይጨርስም።

ሌላው አስተያየት የመጣው እንግሊዝኛን እንደ መገናኛ ከሚጠቀሙ ልዩ ልዩ ሕዝቦች ጥናት ነው። ባርባራ ዛይድልሆፈር የተባለች የቪየና ዩኒቨርሲቲ ምሁር እንዳሳየችው፣ እንግሊዝኛ የአፍ መፍቻቸው ያልሆነ ሰዎች በእንግሊዝኛ ሲነጋገሩ የሰዋስው ስሕተት ብዙውን ጊዜ መግባባትን አያደናቅፍም። የሚያደናቅፈው አንደኛው ወገን ሌላው የማያውቀውን ፈሊጥ ሲያስገባ ነው። የአፍሪካ ኅብረት መቀመጫ በሆነችው አዲስ አበባ ኢትዮጵያዊው፣ ናይጄሪያዊውና ሞዛምቢካዊው በእንግሊዝኛ ሲወያዩ፣ በክሪኬት ጨዋታ ላይ የተመሠረተ የለንደን ፈሊጥ መጠቀም ዕውቀትን ማሳያ ሳይሆን የመግባባት እንቅፋት ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

፮. በኢትዮጵያ

በ1900 ዓ.ም. የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት፣ በ1917 ዓ.ም. የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ሲከፈቱ ከውጭ ቋንቋዎች ከፍተኛውን ስፍራ የያዘው ፈረንሳይኛ ነበር። ጣሊያን በ1933 ዓ.ም. ከተባረረ በኋላ ግን እንግሊዝኛ የትምህርት መስጫ ቋንቋ ሆነ። በ1950ዎቹ አጋማሽ አማርኛ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ሁሉ መስጫ ሲደረግ እንግሊዝኛ ከ7ኛ ክፍል ጀምሮ ጸና። የ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲም የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በብሔረሰቦች ቋንቋ እንዲሰጥ ሲወስን፣ እንግሊዝኛ ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ ትምህርት እንዲሰጥና ለሁለተኛ ደረጃና ለከፍተኛ ትምህርት መስጫ ሆኖ እንዲቀጥል አድርጓል።

በዚህ ጊዜ ሁሉ ተማሪው የሰማው እንግሊዝኛ አንድ ዓይነት አልነበረም። ከእንግሊዝ፣ ከሕንድ፣ እ.ኤ.አ. ከ1962 ጀምሮም ከአሜሪካ በሰላም ጓድ አማካይነት የመጡ መምህራን እያንዳንዳቸው የየአገራቸውን ፈሊጥ ይዘው መጥተዋል። አስቸጋሪ ሁኔታን ከክሪኬት በተወሰደው «ስቲኪ ዊኬት» የሚገልጸው የእንግሊዝ አነጋገርና፣ ግምታዊ ቁጥርን ከቤዝቦል በተወሰደው «ቦልፓርክ ፊገር» የሚገልጸው የአሜሪካ አነጋገር ሁለቱንም ጨዋታዎች ላላየ ተማሪ እኩል ጨለማ ናቸው።

የአገር ልጆችም በዚህ መስክ ያደረጉት አስተዋጽኦ አለ። አምሳሉ አክሊሉ ከሞዝባክ ጋር ያዘጋጁት የእንግሊዝኛ–አማርኛ መዝገበ ቃላት እ.ኤ.አ. በ1973 ታትሟል። በዚያው ዓመት የወጣው የቮልፍ ሌስላው መዝገበ ቃላት ደግሞ እያንዳንዱን የእንግሊዝኛ ቃል በዓረፍተ ነገር ውስጥ አግብቶ ስለሚፈታ፣ አንድ ቃል በጥምረቱ ምክንያት በአማርኛ ስንት የተለያየ ፍቺ እንደሚያስፈልገው በግልጽ ያሳያል። አምሳሉ አክሊሉና ዳኛቸው ወርቁ የአማርኛ ፈሊጦችን ሰብስበው በመጽሐፍ ማውጣታቸውም ለእንግሊዝኛ መምህር ሳይቀር የሚጠቅም ነው። የራሱን ቋንቋ ፈሊጥ በፈሊጥነቱ የለየ ተማሪ የሌላውንም ለመለየት ይቀለዋልና።

የእንግሊዝኛ ፈሊጥ ወደ አማርኛ መግባቱም የማይካድ ነው። «ጥቁር ገበያ»፣ «ቀዝቃዛው ጦርነት»፣ «ሚና ተጫወተ»፣ «የአንበሳውን ድርሻ ወሰደ» የሚሉት በጋዜጣና በሬዲዮ ትርጉም ገብተው ዛሬ የአማርኛ አካል ሆነዋል። የዕብራይስጡ የጥርስ ቆዳ ወደ እንግሊዝኛ እንደ ገባ ሁሉ፣ እነዚህም በተመሳሳይ መንገድ ተሻግረዋል። ስለዚህ የቃል በቃል ትርጉም ሁልጊዜ ስሕተት ነው ማለት አይቻልም። ስሕተት የሚሆነው አንባቢው ሊረዳው በማይችልበት ጊዜ ነው።

፯. ለክፍልና ለዕቅድ የሚተርፈው

ከዚህ ታሪክ ለመምህራንና ለዕቅድ አውጪዎች የሚገኘው ትምህርት በአንድ ምሳሌ ሊብራራ ይችላል። በጂኦግራፊ ፈተና ላይ ስለ አንድ አካባቢ የሙቀት መጠን መቀነስ «አካውንት ፎር» የሚል ትእዛዝ ቢቀርብ፣ ጥያቄው «ምክንያቱን አስረዳ» ማለት ነው። «አካውንት» የሚለውን ከባንክ ጋር ብቻ የሚያውቅ ተማሪ ግን ቁጥር መጻፍ ይጀምራል። ይህ ልጅ የወደቀው ጂኦግራፊ ባለማወቁ አይደለም። ከፍታ ሲጨምር ሙቀት እንደሚቀንስ በሚገባ ሊያውቅ ይችላል፤ የጎደለው የሁለት ቃላት ፈሊጥ ነው። ፈታኙ ግን የሚያየው ባዶውን መልስ ብቻ በመሆኑ ተማሪውን ሰነፍ ብሎ ይመዘግበዋል። «ብሪንግ አባውት» (ማስከተል)፣ «ጊቭ ራይዝ ቱ» (ማስነሣት)፣ «ካሪ አውት» (ማከናወን)፣ «ቴክ ፕሌስ» (መፈጸም) የሚሉትም በሳይንስና በኅብረተሰብ ትምህርት መጻሕፍት ውስጥ ተመሳሳይ ወጥመድ ናቸው።

በሌላ በኩል «ኪክ ዘ በኬት» ሞተ ማለት ነው ብሎ በደብተሩ የጻፈ ተማሪ፣ አባቱ ለሞተበት የውጭ አገር ወዳጁ የማጽናኛ ደብዳቤ ሲጽፍ ይህንኑ ቢጠቀምበት ሐዘንተኛውን ይሰድበዋል። ፍቺው ትክክል ነው፤ የጎደለው አነጋገሩ የቀልድ መሆኑ ነው። በአማርኛ «ሞተ»፣ «ዐረፈ»፣ «ተለየ» እና «ፈነገለ» በሚሉት መካከል ያለውን ልዩነት ማንም ልጅ ያውቃል። በእንግሊዝኛም ተመሳሳይ ልዩነት መኖሩ ካልተነገረው ግን ሊገምት አይችልም።

ስለዚህ ሦስት ነገሮችን መለየት ይገባል። አንደኛ፣ በየትምህርቱ መጽሐፍ ደጋግመው የሚመጡትን ጸጥተኛ ጥምረቶች የየትምህርቱ መምህራን ከእንግሊዝኛ መምህሩ ጋር ሆነው ለቅመው፣ በየምዕራፉ መጀመሪያ በዓረፍተ ነገር ውስጥ አግብተው ሊያስተምሯቸው ይገባል። እነዚህን ተማሪው ሊረዳቸውም፣ ሊጽፋቸውም ያስፈልጋል። ሁለተኛ፣ በንግግርና በልብ ወለድ የሚገኙትን የጨዋታ ፈሊጦች ተማሪው ሲያነብና ሲሰማ እንዲረዳ ማድረግ ይበቃል፤ እንዲጽፋቸው ማስገደድ አያስፈልግም። ሦስተኛ፣ ለማንኛውም ፈሊጥ ከፍቺው ጋር ለማን፣ መቼና በምን ሁኔታ እንደሚነገር አብሮ ሊገለጽ ይገባል። ይህ ሦስተኛው ነገር በሁለት ዓምድ በተገለበጠ ዝርዝር ውስጥ ስፍራ የለውም።

ፈተና አዘጋጆችም ድርሻ አላቸው። የሚፈተነው የጂኦግራፊ ዕውቀት ከሆነ የጥያቄው ቋንቋ ግልጽ ሊሆን ይገባዋል፤ ፈሊጥ ማስገባት ግድ ሲሆን ተማሪው አስቀድሞ የተማረው መሆኑ ሊረጋገጥ ይገባል። የመማሪያ መጽሐፍ አዘጋጆች ደግሞ ከውጭ መጻሕፍት የተወሰዱ የፈሊጥ ዝርዝሮችን እንዳሉ ከማስገባት ይልቅ፣ በራሳቸው መጻሕፍት ውስጥ የሚገኙትን ጥምረቶች ቆጥረው ቢነሡ የዌስትንና የሆርንቢን መንገድ ተከተሉ ማለት ይቻላል።

ማጠቃለያ

የእንግሊዝኛ ፈሊጦች ከመርከብ፣ ከፈረስ ግልቢያ፣ ከቅዱሳት መጻሕፍትና ከሞተር ዘመን የተወለዱ፣ የሕዝቡን የኑሮ ታሪክ የሚያስታውሱ ቅርሶች ናቸው። ይህን ታሪክ ማወቅ ለመምህሩ ትምህርቱን ጣዕም ይሰጥለታል። ይሁን እንጂ ከጆንሰን ዘመን እስከ ኮምፒዩተር ቆጠራ ድረስ የተደረገው ጥናት የሚመሰክረው፣ ለውጭ ተማሪ እውነተኛ መሰናክል የሆኑት ጎልተው የሚታዩት አባባሎች ሳይሆኑ በትናንሽ ቃላት ውስጥ የተሸሸጉት መሆናቸውን ነው። የክፍል ጊዜ ውስን ነው። ያ ጊዜ በባልዲው ላይ ከሚያልፍ ይልቅ «አካውንት ፎር» ላይ ቢውል፣ ብዙ ተማሪዎች የሚያውቁትን ነገር እንዳላወቁ ከመቆጠር ይድኑ ነበር።